1ኛ “መ” የሚገባው ማን ነው?

ነሐሴ አጋማሽ ሲደርስ በደሴም በኮምቦልቻም በትምህርት ቤት አጥር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ከዓምናው ብዙም አይለይም። የምዝገባ ቀናት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ለነባር ተማሪ የዓመቱ ካርድ፣ ከሌላ ቦታ ለሚመጣ መሸኛ። ከዚያ ወዲያ ከታች እስከ ላይ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ስንት ተመዘገበ? ርእሰ መምህሩ ቁጥሩን ለከተማው ትምህርት መምሪያ ያደርሳል፤ መምሪያው ለክልሉ ቢሮ ያስተላልፋል። በጸጥታው ችግር የተነሣ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ በራቁበት ጊዜ ቁጥሩ ቢያስጨንቅ አይፈረድም። ችግሩ ምዝገባው ልጅ ከመቁጠር ሌላ አንድ ሥራ በዝምታ መሥራቱ ነው። ልጆቹን ይመድባል። አመዳደቡ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይከተላቸዋል።

አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ1ኛ ክፍል አራት ምድብ አለው እንበል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። መዝጋቢው መምህር መዝገቡን ከፍቶ የመጣውን ልጅ በመጣበት ተራ ይጽፋል። 50 ሲሞላ “ሀ” ተዘጋ፣ ወደ “ለ” ይታለፋል። ከአሠራር ሁሉ የቀለለው ይኸው ነውና ማንም ክፉ አስቦ አያደርገውም። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ወረፋ የሚይዘው ማን ነው? ማስታወቂያውን በጊዜ ያየ፣ የልደት ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠ፣ ልጁን ሁለት ሦስት ዓመት ኬጂ ያስተማረ ወላጅ ነው። መስከረም ካለቀ በኋላ የሚመጣውስ? ከገጠር ዘመድ ቤት ተልኮ የመጣ ልጅ፣ ተፈናቅሎ ወረቀቱ የጠፋበት ቤተሰብ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካ ተቀጥራ ከአንድ ኪራይ ቤት ወደ ሌላ የምትዘዋወር እናት ልጅ። እነዚህ ሲደርሱ ቦታ ያለው “መ” ላይ ብቻ ነው። በዝውውር ዘግይቶ የደረሰ ወይም አዲስ የተቀጠረ መምህርም የሚቀረው ያው ምድብ ነው። ሰኔ ላይ ውጤት ሲታይ “የመ ልጆች ደካማ ናቸው” ይባላል፤ ነሐሴ ላይ በወረፋ እንደተለዩ የሚያስታውስ የለም።

ወደ 1ኛ ክፍል የሚያስገቡት በሮች ሦስት መሆናቸውን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ የግል ኬጂ ነው፤ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ ብሎ ሦስት ዓመት የቆየ ልጅ ይወጣበታል። ሁለተኛው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የሚሰጠው “ኦ” ክፍል ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ይህን በር ለብዙኃኑ ከፈተው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጆች የሁለት ዓመት ቆይታ ሆኗል፤ በተግባር ግን ከአንድ ዓመት የማያልፈው ብዙ ነው። ሦስተኛው በር በቀጥታ ከቤት የሚመጣበት ነው። በወሎ ይህ “ከቤት” የሚባለው ልጅ ባዶ እጁን ላይሆን ይችላል፤ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ወይም ቁርዓን ቤት የተቀመጠ ይኖራል። ሁለቱም ቤቶች ልጁን ቁጭ ብሎ ማዳመጥን፣ በቃል መያዝንና ተራ መጠበቅን አስተምረውታል። መዝገቡ ላይ ግን “ኬጂ ያልተማረ” ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ልዩነቱ የሚታየው ፊደል ላይ ነው። ሀ ሁ ሂን ከላይ እስከ ታች እየዘመረ የሚወርድ ልጅ ፊደል ያውቃል ብሎ መደምደም የተለመደ ስሕተት ነው። ገበታውን ሸፍኖ “ራ”ን ብቻ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ማሳየት ነው። አንዱ ልጅ ወዲያው “ራ” ይላል። ሌላው ዐይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ፣ በከንፈሩ “ረ፣ ሩ፣ ሪ…” ብሎ ቆጥሮ ይደርስበታል። ሦስተኛው ዝም ይላል ወይም ያገኘውን ይጠራል። መካከለኛው ልጅ ነው ብዙ ጊዜ የሚያታልለው፤ ፊደሉን የሚያውቀው በቦታው እንጂ በመልኩ አይደለም። ቃል ለማንበብ ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ ፊደል ከግዕዙ (ከመጀመሪያው መልኩ) ተነሥቶ መቁጠር አለበትና ሦስተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል።

ሳድስ (ስድስተኛው መልክ) ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል። ካዕብ (ሁለተኛው መልክ) አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጎን መሐል ላይ በምትወጣ ቅጥያ ይታወቃል፤ ሩ እና ፉ ብቻ ያፈነግጣሉ። ሳድስ ግን አንድ ወጥ ምልክት የለውም፤ ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ብ፣ ት፣ ን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ነው የሚታጠፉት። በጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚመጣውም እሱ ነው። “እናት ልብስ አጠበች” ከሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር 10 ፊደላት ውስጥ 6ቱ ሳድስ ናቸው። 33ቱን በ7 አባዝቶ 231 ፊደል በተራ መዝለቅ ሳድሱን ከሌሎቹ እኩል ጊዜ ይሰጠዋል፤ የሚገባው ግን እጥፍ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወይም ሰ፣ ሠን መለየት በዚህ ዕድሜ ባይፈተን የሚጎድል ነገር የለም።

ቁርዓን ቤት ለቆየ ልጅ ሌላ ትንሽ ነገር አለች፦ ደብተሩን ከየት በኩል ይከፍታል? ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ የለመደ ልጅ መጀመሪያ ላይ መስመሩን ከቀኝ ጫፍ ሊጀምር ይችላል። ይህ ድክመት አይደለም። በየገጹ ግራ ጠርዝ ላይ በቀለም ነጥብ ማድረግና “ከነጥቡ ጀምር” ማለት በጥቂት ሳምንታት ያስተካክለዋል። መቆጣት ግን ልጁን ከሁለቱም ንባብ ያስፈራዋል።

እንግዲህ መፍትሔው ምዝገባውን መቀየር አይደለም፤ ወረፋው ወረፋ ሆኖ ይቀጥል። መቀየር ያለበት ምደባው ነው። ሲመዘገቡ በስማቸው አጠገብ አንድ ተጨማሪ ዐምድ ይያዝ፦ ኬጂ፣ “ኦ” ክፍል፣ ሌላ። ምድብ ግን በዚያን ቀን አይነገር። ጳጉሜን ላይ መዝገቡ በሦስት ክምር ይለይና ካርታ እንደሚታደል ከየክምሩ አንድ አንድ እየተነሣ ለአራቱም ምድብ ይደርሳል፤ ሴትና ወንድ፣ ደጋሚና በዕድሜ የገፋም እንዲሁ። የሚረሳው ቁልፍ ነገር ባዶ ወንበር ነው። 200 ልጅ የሚጠበቅ ሆኖ 160 ከተመዘገበ “ሀ”ንና “ለ”ን በ50 መሙላት ሳይሆን አራቱንም በ40 ጀምሮ በየምድቡ 10 ቦታ መተው ነው። ዘግይቶ የሚመጣው ልጅ ያኔ በየምድቡ ይበተናል እንጂ አንድ ቦታ አይከማችም።

መምህራን ይህን ሲሰሙ የሚያነሡት ተቃውሞ ውኃ የሚያነሣ ነው፦ የተቀላቀለ ክፍል ለማስተማር ይከብዳል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ቢከፋፈል ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው። ምድቡ ጎበዝና ደካማ ተብሎ ቢለይ ግን ይህ 40 ሴኮንድ አይጨምርም፤ “መ” ላይ ያለው ልጅ ከጎኑ አይቶ የሚማርበትን ጓደኛ ያጣል እንጂ። የሚያዋጣው በክፍሉ ውስጥ በቀን 20 ደቂቃ ያህል በሦስት ቡድን መሥራት ነው። አንዱ ቡድን ከመምህሩ ጋር ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ በቆርኪና በጠጠር ይቆጥራል። በማግስቱ ይዞራሉ።

ቡድኑን ለመለየት ደግሞ ረጅም ፈተና አያስፈልግም፤ ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። 10 ፊደል ያለ ተራቸው በካርቶን (ለ፣ ሙ፣ ቢ፣ ራ፣ ት፣ ን፣ ሶ፣ ኬ፣ ም፣ ደ ቢሆኑ ከሁሉም መልክ ይገኛል)፣ ሦስት አጫጭር ቃላት፣ ከ10 ቆርኪ ላይ “7 ስጪኝ” ማለት፣ ስሙን እንዲጽፍ ወይም የቻለውን እንዲሥል ወረቀት መስጠት፣ “ደብተርህን ዴስኩ ላይ አድርግና በሩን ንካ” ዓይነት ሁለት ነገር የያዘ ትእዛዝ። በቀን 12 ልጅ ቢታይ 24 ደቂቃ ይወስዳል፤ በአምስት ቀን 60ው ያልቃል። ሌሎቹ በዚያ ጊዜ ሥዕል ይሥላሉ። ውጤቱ በነጥብ አይመዝገብ፤ ከስሙ ፊት ወዲያው የለየ፣ ቆጥሮ የደረሰ፣ ያልለየ ተብሎ ምልክት ማድረግ በቂ ነው። ከቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ብርቅ አይደለምና ትእዛዙን ያልፈጸመው ስላልገባው ይሁን ስለማይችል በምልክት ደግሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ለምን? በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። አንድ ቃል ያላነበበ የ2ኛ ክፍል ልጅ የተበላሸበት 2ኛ ክፍል ላይ አይደለም፤ የ1ኛ ክፍል መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር መባል አለበት። 1ኛ ክፍል መግቢያው 7 ዓመት ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ዛሬ 7 ዓመት የሞላቸው ልጆች ሁሉ የተወለዱት ከዚያ ወዲህ ነው፤ በተወለዱ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረባቸው። ያልተመዘገቡት ግን ብዙ ናቸው፤ ወላጅ ቀበሌ የሚሮጠው ትምህርት ቤት ሲጠይቀው ነው፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ቀበሌው በዚሁ ይጨናነቃል። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ የክትባት ካርዱን ይዞ መሄድ ወር ያተርፋል። ወረቀት ሲጠፋ አሁንም አንዳንድ ቦታ ወደ ቀድሞው መለኪያ ይመለሳሉ፦ ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ ግራ ጆሮህን ንካ። ይህ መለኪያ የሚለካው የክንድና የራስ መጠን ነው። በምግብ እጥረት የቀነጨረ የ8 ዓመት ልጅ ጆሮው ላይ ላይደርስ ይችላል፤ በደንብ የበላ የ6 ዓመት ልጅ ይደርሳል። ማለትም ከትምህርት ቤት የሚመልሰው ቀድሞውኑ የተጎዳውን ነው። ወረቀት የሌለውን ልጅ በጊዜያዊነት መዝግቦ፣ ሰነዱ በወላጅ በኩል እስኪሟላ ክፍል ማስገባት የተሻለ ነው።

9 ወይም 10 ዓመት ሞልቶት ፈጽሞ ያልተማረ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ7 ዓመት ልጆች ጋር ዴስክ ላይ ሲቀመጥ ያፍራል፤ ያፈረ ልጅ ደግሞ ኅዳር ላይ ለሊስትሮ ወይም ለቀን ሥራ ይጠፋል። ለእንዲህ ያሉት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ትምህርት በ10 ወር አጠቃሎ የሚሰጠው የስፒድ ስኩል አሠራር በክልሉ ተሞክሯል። እንዲህ ዓይነት ክፍል በአቅራቢያ ካለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ከሌለ ቢያንስ ልጁን የክፍሉ አለቃና ጠራጊ አድርጎ የኋላ ወንበር ላይ አለማስቀረት ነው።

ወደ አጸደ ሕፃናቱ ስንመጣ ጭንቀቱ ይለያል። እዚያ ሥራው ልጁን ማስለመድ ነው። 40 ሕፃን በአንድ ጠዋት በሩ ላይ ከነእናቶቹ ሲሰበሰብ አንዱ ማልቀስ ከጀመረ ሌላው ይቀበለዋል፤ ሁለት መምህራን 40 አልቃሽ ማባበል አይችሉም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት በሦስት ይከፈል፦ በመጀመሪያው ቀን 13 ልጅ፣ በሁለተኛው ሌላ 13፣ በሦስተኛው የቀረው፤ ቆይታውም ከሁለት ሰዓት አይብለጥ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ግማሽ ቀን። እናትየዋ ልጁ ዘወር ሲል ሹልክ ብላ መውጣቷ በጣም የተለመደ ነው፤ ለዚያን ቀን ይሠራል፤ በማግስቱ ግን ልጁ ቀሚሷን አይለቅም። “ሄድኩ፣ ስትወጣ እመጣለሁ” ብላ ነግራው መሄዷ በመጀመሪያው ቀን ያስለቅሰዋል፤ በሦስተኛው ቀን ግን እንደምትመለስ ያምናል።

በዚህ ዕድሜ የሚበላሸው ነገር ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ጋር አይገናኝም። ቀበቶና ቁልፍ ያለው የዩኒፎርም ሱሪ ሽንት ቤት ላይ ያደናቅፋል፤ ላስቲክ ይሁን። ዩኒፎርም ለሁለት ዓመት እንዲሆን አስፍቶ ማሰፋት ያስኬዳል፤ ጫማን ግን አይደለም፤ የሰፋ ጫማ ደሴ ቁልቁለት ላይ ይጥላል። ለታላላቆች የተሠራ ዴስክ ላይ የተቀመጠ ሕፃን እግሩ ተንጠልጥሎ ሃያ ደቂቃ አይቆይም፤ መቀመጫው ከ26 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው ይበቃል፣ ካልተገኘ ምንጣፍ ከዴስክ ይሻላል። ለእጅ መታጠቢያ ለአንድ ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር ቢታሰብ ለ40 ልጅ 20 ሊትር ነው፤ ቧንቧ የተገጠመለት አንድ ጀሪካን። ማን ይሞላዋል የሚለው ካልተወሰነ ግን ጥቅምት ላይ ጀሪካኑ ባዶውን ይቆማል። ስለ እንግሊዝኛውም ወላጆች ይሰሙናል? ኤ ቢ ሲ ዲን በዜማ መጥራት ልጁን ለ1ኛ ክፍል አያዘጋጀውም፤ በአማርኛ ታሪክ ሰምቶ መልሶ መተረክ ግን ያዘጋጀዋል። ከፍተኛ ክፍያ የሚያስከፍሉት ኬጂዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም።

ሁለቱን ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሐረጎ መንገድ ብቻ ቢለያቸውም መስከረማቸው አንድ አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ ላይ ጣሪያና የውኃ መውረጃ መፈተሽ ያለበት ነሐሴ ላይ ነው፤ ዝናቡ ሳያባራ፣ ሰው ገብቶ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ በኖራ ምልክት እያደረገ። መስከረም ላይ የሚደረግ ፍተሻ ጣሪያው ደርቆ ስለሚያገኘው ምንም አያሳይም፤ ሰኔ ላይ ደብተር ሲርስ ይታወቃል። ቁልቁለት ላይ የተሠሩ ግቢዎች በክረምት ደለል ቦያቸውን ስለሚደፍነው የመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ውኃ ይቋጠራል፤ ቦዩን መጥረግ ለወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት) አባላት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። በፈረቃ የሚማሩ ታናናሾችን በተቻለ መጠን የጠዋቱ ብርድ ካለፈ በኋላ ማስገባት ይሻላል። ይህ ሲወሰን ግን ቁርዓን ቤት የሚሄዱበትን ሰዓት ጠይቆ ነው፤ ሁለቱ ከተጋጩ ልጁ አንዱን ይቀራል፤ የሚቀረው የትኛውን እንደሆነ ዋስትና የለም።

ኮምቦልቻ ላይ ብርዱ ሳይሆን ወባው ነው። ዋናው ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ይኸውም ልጁ ፊደል የሚለይበት ጊዜ መሆኑ ነው። ትንኝ ከዕንቁላል እስከ መብረር እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታልና የግቢውን ጉድጓድ፣ የተጣለ ጎማና በርሜል በየሳምንቱ ማድረቅ ትርጉም አለው። ያተኮሰው ልጅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የመምህሩ ሥራ ነው፦ አምስት ቀን የቀረ የ1ኛ ክፍል ልጅ ሲመለስ ሦስት አዲስ የፊደል ቤተሰብ አምልጦታል፤ ማንም መልሶ ካላሳየው ዓመቱን ሙሉ እነዚያን ሦስቱን ይዘላል። የቀሪ መዝገቡ ላይ ከስሙ አጠገብ በቀረበት ቀን የተማሩትን ፊደላት መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። መንገዱም አለ፤ ወደ ባቲና ሚሌ የሚወስደው መስመር የከባድ መኪና መስመር ነው። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ታናናሾቹን የሚያሻግር ትልቅ ሰው ቢመደብ፣ የባጃጅ ኮንትራት የገባ ወላጅም በአንድ ባጃጅ ስንት ልጅ እንደሚጫን አስቀድሞ ቢነጋገር ጥሩ ነው።

የመስከረም ወር የቀን አቆጣጠር ራሱ ይከዳል። ትምህርት ተጀመረ ሲባል ደመራ በ16፣ መስቀል በ17 ይመጣል፤ ገጠር የሄደው ቤተሰብ ከመስቀል በፊት አይመለስም። ስለዚህ የሁለት ደቂቃውን መለያ ከመስቀል በፊት አድርጎ መጨረስ ግማሹን ልጅ ማጣት ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ መጀመር፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ በእነዚያው 10 ካርቶኖች መድገም። ኅዳር ላይ አሁንም እየቆጠረ የሚደርስ ልጅ ካለ ወላጁን ለመጥራት የሰሚስተር ካርድ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። ወላጁ ማንበብ ባይችልም ካርቶኖቹን ቤት ወስዶ ማታ ማታ አንድ አንድ እያነሣ “ይቺ ማን ናት?” ማለት ይችላል። ልጁ ከመካከል ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከተዛወረም በመሸኛው ጀርባ የለያቸውንና ያልለያቸውን ፊደላት መጻፍ ነው፤ ተቀባዩ መምህር ከዚያ ይቀጥላል።